ብረት ብረት የሚል መረቅ

ቤሪል ስታኒፎርዝ ልጇ የሠራችውን የሽንኩርት መረቅ አንዴ በአፏ አዟዟረችውና መልሳ ሳህኑ ውስጥ ተፋችው። በእሑድ ምሳ፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ሰው ፊት። ነውር መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። ጉሮሮዋ አላሳልፍም ብሎ ነው።

«እማ!» አለች ልጇ ዴኒዝ።

«ማንኪያ ማንኪያ ይላል።»

«ምን ይላል?»

«ማንኪያ! ደንቆሮዋ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ዴኒዝ ሳህኑን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ቤሪል አፏን በወረቀት ጠረገችና ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። ጥቁር ነገር ይኖርበታል ብላ ነበር። ምንም የለበትም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። የሚታይ ቢሆን ለሰው ታሳይ ነበር።

ካለፈው ገና ወዲህ ያላንገሸገሻት ነገር የለም። ሻዩ ብረት፣ ዳቦው ብረት፣ የቧንቧው ውሃ ብረት። ጧት ስትነቃ የገዛ ምራቋ የአሮጌ ሳንቲም ጣዕም አለው። ጥርሷን ድዷ እስኪደማ ትፈገፍገዋለች፤ ደም ደግሞ ራሱ ብረት ብረት ይላል፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው። ሰው ከመጥፎ ቤት ይሸሻል፣ ከመጥፎ ባል ይሸሻል፤ ከገዛ አፉ ወዴት ይሸሻል?

ጣዕሙ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጆሮዋ ከዳት። እጇ ሻይ ስትቀዳ ይንቀጠቀጣል። ምድጃ ለኩሳ ረስታ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥታለች። አርባ ዓመት አውቶቡስ የጠበቀችበት ፌርማታ ላይ ቆማ ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷታል። በግንቦት ደግሞ ዴኒዝን «አባትሽ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀቻት። አባትየው ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ያን ቀን የልጇ ፊት ምን እንደመሰለ ግን እስካሁን አልረሳችውም፤ መርሳት እንኳ የሚረሳውን አስመርጦ አይደለም።

የአእምሮ ሐኪሙ መርምሯት የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ብሎ ጽፏል። ዴኒዝም የእናቷን ስም ለአረጋውያን መኖሪያ ካስመዘገበች ሁለት ወር ሆኗታል።

«ከሜዶ ኮርት ደውለው ነበር» አለች ዴኒዝ፣ እንድትሰማት ጮክ ብላ። «አንድ ክፍል ተለቋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁናል።»

«ማን ሞተ?»

«እማ፣ እባክሽ።»

«እዚያ ቤት ክፍል ዝም ብሎ አይለቀቅም። የማን አልጋ ላይ እንደምተኛ ልወቅ እንጂ።»

ሜዶ ኮርትን ታውቀዋለች። የድሮ ጎረቤቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ በሩ ላይ የተቀበላት የተቀቀለ ጎመንና የሽንት ሽታ ካፖርቷ ላይ ሦስት ቀን ከርሟል። ጎረቤቷ ደረቷ ላይ የእንቁላል አስኳል ደርቆባት፣ የገዛ ስሟ ጠፍቷት፣ ፈገግ ብላ ተቀምጣ ነበር። ቤሪልን የዘገነናት አስኳሉ አይደለም፤ ፈገግታው ነው። እዚያ ገብታ እንደዚያ ፈገግ ከምትል ከደረጃዋ ወድቃ ብትሞት ትመርጣለች።

«ጭንቅላቴ ጤነኛ ነው» አለች። «የሆነ ነገር ገብቶብኝ ነው እንጂ።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም። ደንቆሮ ነኝ።»

ቤሪልና ብረት የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው በእንግሊዟ የብረት ከተማ ሼፊልድ ውስጥ ሹካና ማንኪያ ከሚወለውሉት ሴቶች ጋር የተቀላቀለችው። አርባ ዓመት፣ በቆዳ የተለበጠ መዘውር ፊት ቆማ፣ ዘይትና ደቃቅ አሸዋ እየቀባች፣ ማንኪያውን ፊት እስኪያሳይ ትፈትገዋለች። መዘውሩ የሚተፋው ጥቁር ዝቃጭ ደግሞ የሚቀርለት ቦታ የለም፤ ጆሮ፣ አንገት፣ የጡት መሃል ሳይል ይገባል። ስለዚህ ገላቸውን በቡናማ ወረቀት ጠቅልለው፣ ቀይ ሻሽ አስረው ይሠሩ ነበር። ምሳ ሲበሉ ዳቦውን በወረቀት ይዘው ይገምጡና የያዙበትን ጠርዝ ይጥሉታል። አርብ አርብ ቆዳቸው እስኪቀላ ይታጠባሉ። የከተማው ጨዋ ሴቶች በአውቶቡስ አጠገባቸው አይቀመጡም፤ እነሱም በአጸፋው እንዲያ ያሉትን ጨዋዎች ፊት በሚያቀላ ቀልድ ያባርሯቸዋል። የቤሪል ኩራት አንድ ነበር፦ «አርባ ዓመት ብረት በላዬ ፈሰሰ፤ ከቆዳዬ አልፎ ግን አያውቅም።»

ታዲያ የዛሬ አምስት ዓመት ቀኝ ዳሌዋ አልራመድ ብሎ ሐኪም ቤት ሄደች። ሚስተር ሃዝልዲን የሚባለው ቀዶ ሐኪም ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ አኖረላት። አንደኛው ኳሱ ብረት ሆኖ ኳሱ የሚዞርበት ጽዋ ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ሁለተኛው ኳሱም ጽዋውም ብረት ነው፤ አዲስ የመጣ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ተብሎ የተወራለት።

«ለእርስዎ የፕላስቲኩም ይበቃዎታል፤ ምርጫው ግን የእርስዎ ነው» አላት።

ቤሪል የብረቱን ኳስ አነሣችና እፍ አለችበት። እስትንፋሷ ብረቱ ላይ ጉም ሆኖ ቆይቶ ሲገፈፍ አንዲት ጭረት አልታየችም። አውራ ጣቷን ዙሪያውን አዞረችበት። ልቧ ቀለጠ፤ ሌላ ቃል የለውም።

«ማን ነው የወለወለው?»

«ማሽን ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ማሽኑን ያስተማረችው የኛ አገር ሴት ናት» አለች። «ይሄን ስጠኝ። ፕላስቲክ ለሽርሽር ሹካ ነው።»

የማንኪያ ወልዋዮች አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ አዲስ የገባች ልጅ በመጀመሪያው ቀን የምትማረው። አንድ ዓይነት ብረት ከራሱ ዓይነት ጋር በደረቁ አይፋተግም፤ ይነካከሳል። የመዘውሩ ዘንግ እንኳ የሚዞረው ለስለስ ባለ ሌላ ብረት ውስጥ፣ ዘይት ጠጥቶ ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ስታይ ዕውቀቷን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትታ ሄደች። ሐኪሙን ብቻ እንዳንወቅስ ነው ይህን ማንሣታችን።

ከዚያ ወዲያ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ የቤሪልን ዳሌ ያልሰማ ሰው የለም። በተለይ ዊኒ ላይ በረታችባት። ዊኒ አጠገቧ ባለው መዘውር ሠላሳ ዓመት አብራት የሠራች ጓደኛዋ ናት፤ በዚያው ዓመት ዳሌዋን አስቀይራ የፕላስቲኩን ወሰደች። ቤሪል «የሽርሽር ሹካ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ዊኒ ወደ ክበቡ ስትገባ ጠረጴዛ እየመታች በዚያ ስም ትቀበላት ነበር። አሁን ዊኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደንሳለች፤ ቤሪል ደግሞ ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ ትጨብጣለች።

ማክሰኞ ዕለት ዊኒ መጣች። በእጇ ትኩስ የሥጋ ፓይ ይዛለች።

«ብዪ እስቲ፤ መንፈስ መስለሻል እኮ!»

ቤሪል አንድ ጊዜ ገምጣ ወደ መሀረቧ መለሰችው። «ብረት ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ዊኒ፣ ሁሉም ነገር ብረት ነው። ምላሴን አውጥቼ ብጥለው ደስ ይለኛል።»

«በይ በይ፣ አታልቅሺ። ሹራብሽን ልበሺና ንፋስ እንቀበል።»

ሹራቡ ፎቅ ነው። ቤሪል የደረጃውን መደገፊያ ይዛ መውጣት ጀመረች፤ ዊኒ እንዳትወድቅ ከኋላ ተከተለቻት። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ዊኒ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቤሪል፣ ቁሚ።»

«ምን?»

«ቁሚ አልኩሽ! አሁን አንድ ደረጃ ብቻ ውጪ።»

ወጣች። ሲጥጥ አለ።

«ድገሚ።»

ሲጥጥ።

«የቤቱ ደረጃ አርጅቷል እኮ» አለች ቤሪል፤ ምንም አልሰማችም፤ የዊኒ ፊት ግን አላማራትም።

ዊኒ ተንበርክካ ጆሮዋን የጓደኛዋ ዳሌ ላይ ለጠፈች። ሁለት አሮጊቶች ደረጃ ላይ፣ አንዷ የሌላዋ ቀሚስ ላይ ጆሮዋን ደግና፤ ጎረቤት ቢያይ ይስቅ ነበር። ዊኒ ግን አልሳቀችም። ይህን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ስትሸሸው ኖራለች፤ መዘውር ዘይት ሲጨርስ፣ ብረት ብረትን ሲነክስ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ቀና ብላ፣ ቀስ አድርጋ፣ ቤሪል ከከንፈሯ እንድታነብብ። «በደረቁ እየፈተግሽ ነው።»

ቤሪል መዳፏን ዳሌዋ ላይ አሳረፈችና እግሯን አነሣች። ጆሮዋ ቢደነቁር እጇ አልደነቆረም። ቆዳውን፣ ሥጋውን አልፎ ያ ነገር መዳፏ ላይ ደረሰ፤ እንደ አሸዋ የሚሻክር፣ የሚፋቅ፣ የሚላግ ነገር። በመጀመሪያ ተገረመች። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ መጣባትና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ዊኒ፣ የተፈተገው የት ሄደ?»

መዘውር ፊት የቆመች ሴት ሁሉ መልሱን ታውቀዋለች፤ ብረት ሲፈተግ ዝቃጭ ይተፋል፤ ዝቃጩ የሆነ ቦታ ይሄዳል። በግድግዳ ላይ፣ በወረቀት ላይ፣ በአንገት ላይ። እዚህ ግን ግድግዳ የለም፣ ወረቀት የለም። አምስት ዓመት ሙሉ ያ ጥቁር ቅርሻት ሥጋዋ ውስጥ፣ ደሟ ውስጥ፣ ምላሷ ሥር ሲፈስስ ኖሯል። በሻይ እያወራረደች፣ በምራቅ እየዋጠች። ጡቷ መሃል ቢገባ በሳሙና የምታስለቅቀው ነገር አሁን ማን ደርሶ ያጥበዋል? ማጠቢያው ድረስ አልደረሰችም፤ ምንጣፉ ላይ አስታወከች፤ ትውከቱም ብረት ብረት አላት።

በማግስቱ ዴኒዝ እየነዳች፣ ዊኒ ማንም ሳይጠራት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ወደ ሚስተር ሃዝልዲን ሄዱ። ሐኪሙ ማኅደሩን ገለጠ።

«አምና በጥቅምት ጽፈንልዎት ነበር፣ ወይዘሮ ስታኒፎርዝ። ይህ ዓይነቱ መገጣጠሚያ ላይ ማስጠንቀቂያ ስለወጣ ለሁሉም ታካሚ ደብዳቤ ልከናል። እርስዎ አልመጡም።»

«አንድም ደብዳቤ አልደረሰንም!» አለች ዴኒዝ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «አንድም! እናቴ ሰነፍ መሰለቻችሁ? ቢደርሳት ትመጣ አልነበር?»

ቤሪል የሆነ ነገር ጫፉ ታያትና ጠፋባት። ዝናብ ያለበት ነገር ነበር።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለው። «እንደምታዩት አቀማመጡ ያማረ ነው። ሕመምም የለም ብለዋል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ዴኒዝ አዙሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመርሳቱ ነገር ከዳሌው ጋር አይገናኝም። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ለደም ምርመራው የሚቀጥለው ወር ወረፋ እናስይዛታለን።»

«የሚቀጥለው ወር ሜዶ ኮርት ነኝ» አለች ቤሪል። ከንፈሩን ስታነብብ ነበር። «እኔ እዚህ ነኝ፣ የኔ ልጅ። የታመመችው እኔ ነኝ፤ እኔን አናግረኝ።»

«ዶክተር» አለች ዊኒ።

«ሚስተር» ብሎ አረማት፤ በእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም ሚስተር እንጂ ዶክተር አይባልም፤ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም።

«ሚስተር ይሁን። ጆሮህ ደህና ነው? ቤሪል፣ ተነሺና ቁጭ በዪ። ሦስት ጊዜ።»

ቤሪል ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች፤ ተቀመጠች። ሲጥጥ። ተነሣች። ሲጥጥ። በሦስተኛው ላይ ድምፁ ረዘም ብሎ፣ በዛገ በር ላይ እንደሚሰማው አለቀሰ። ነርሷ አፏን ያዘች። ዴኒዝ የእናቷን ዳሌ እንደ እንግዳ እንስሳ ታየዋለች። ክፍሉ ውስጥ ያልሰማችው የዳሌው ባለቤት ብቻ ናት።

ሚስተር ሃዝልዲን መነጽሩን አወለቀ። «ደሙን ዛሬ እንውሰድ» አለ።

ውጤቱ በአሥራ ሁለት ቀን መጣ። ከመገጣጠሚያው የሚላገው ኮባልት የሚባለው ብረት ደሟ ውስጥ መኖር ከሚገባው ከመቶ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጆሮንም፣ እጅንም፣ አእምሮንም ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሙ ራሱ ደውሎ ነገራቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ከቤሪል ጋር አገናኙኝ ብሎ። አእምሮዋ ይመለስ አይመለስ ግን ቃል አልገባም። ዴኒዝ ክፍሉን ለሌላ ሰው ለቀቀች፤ የእናቷን ስም ግን ከተራው አላስሰረዘችም። ሐኪም ቤቱን ደግሞ በደብዳቤ ወጥራ ያዘችው፦ እናቴ ማስጠንቀቂያው አልደረሳትም፣ ማን ነው ያልላከው፣ ስሙ ይነገረኝ።

በኅዳር ዳሌዋ ተከፈተ።

በማግስቱ ሚስተር ሃዝልዲን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሐኪም አልጋ ላይ ከተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን አገኘህ?» አለችው።

«አሮጌው ወጥቷል። አዲሱ በደንብ ገብቷል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ውስጡ ምን ይመስላል?»

አመነታ። «ዙሪያው ያለው ሥጋ በከፊል ሞቷል። የተጠራቀመ ነገር ነበር። ግራጫ፣ ወፍራም…»

«ዘይትና አሸዋ የተለወሰ የሚመስል? ጥቁርም ግራጫም ያልሆነ? በጣት ሲያሹት የሚያንሸራትት?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «አዎ። ልክ እንደዚያ።»

«አውቀዋለሁ» አለች። «አርባ ዓመት ከአንገቴ አጥቤዋለሁ። እንዴት አወጣኸው?»

«በ… ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለን። በማንኪያ እየዛቅን።»

ቤሪል ጮክ ብላ ሳቀች፤ ስፌቱ እስኪያማት። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ማቅለሽለሽ ተለወጠና ነርሷ ሳህን ይዛ ደረሰች።

ስትረጋጋ ኳሱን አሳዩኝ አለች። ወደ አምራቹ ለምርመራ የሚላክ ስለሆነ መንካት ክልክል ነው ተባለች። ቤሪል እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ነርሷ የሆነ ነገር በመስኮት የምታይ መሰለች፤ ሐኪሙ ከረጢቱን ከፈተ። እፍ አለችበት። ጉሙ በአንድ በኩል ቶሎ ተገፈፈ፤ በሌላው በኩል ግን ተጣብቆ ቀረ፤ እዚያ ጋ ብረቱ ደብዝዟል፣ ተፍቋል። የአውራ ጣቷን ጥፍር ስታስኬደው ተያዘ። ልቧን ያቀለጠው ያ መስታወት ይኸውና፤ በስብሶ እሷንም ሊያበሰብሳት።

«የመጀመሪያ ሳምንቷ ላይ ያለች ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ብታስረክብ እዚያው ትባረር ነበር» አለች። ከረጢቱ ውስጥ መልሳ ጣለችውና ውሃና ሳሙና ጠየቀች። ሦስት ጊዜ ታጠበች፤ በሦስተኛውም ያልጠራ መሰላት።

አዲሱ መገጣጠሚያ ጽዋው በፕላስቲክ የተለበጠው ነው። ዊኒ ልትጠይቃት ስትመጣ ገና በሩ ላይ ሆና «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የሽርሽር ሹካ!» አለቻት። ቤሪል የሚገባትን ተቀበለች።

ክረምቱ በዚህ አለፈ። ጆሮዋ እንደደነቆረ ቀረ። እጇ ግን ቀስ በቀስ ጸና፤ ፌርማታዎቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። ዴኒዝ ግን እናቷን እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነበር የምታያት፤ አሁን ይያዝ ይሆናል፣ ነገ ያፈስስ ይሆናል። በመጋቢት ሜዶ ኮርቶች ደግመው ደወሉ።

«ሌላ ክፍል ተለቋል» አለች ዴኒዝ። «ሰኞ መልስ ስጡን ብለዋል። እማ፣ አላውቅም። እኔ በእውነት አላውቅም።»

ከሰኞ በፊት ያለው ቀን የእናቶች እሑድ ነበር። ዴኒዝ ምሳውን በእናቷ ቤት አዘጋጀች፤ ዊኒም ተጠርታለች። እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ ፑዲንጉ፣ ከዱቄትና ከእንቁላል የሚጋገረው፣ ከሽንኩርት መረቁ ጋር ይቀርባል፣ ሥጋው ቀጥሎ። ዴኒዝ ቀኑን ለማክበር ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረውን የእንጨት ሣጥን አወጣች፤ ቤሪል በጡረታ ስትሰናበት የተሰጣትን፣ በገዛ እጇ የወለወለቻቸው ሹካዎች፣ ማንኪያዎችና ቢላዎች ያሉበትን። ሣጥኑ ከቀዶ ጥገናው አስቀድሞ ጀምሮ አልተከፈተም ነበር። ሹካዎቹን ስታነሣ ከሥራቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ።

ዴኒዝ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው የሐኪም ቤቱ ማኅተም፣ የካቻምና ጥቅምት ቀን፣ የቤሪል ስም ታየ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ፣ ቤሪል ስትናደድ በምትጽፈው ሹል ፊደል፦ «ይሄ ብረት ምንም አይሆንም። የሚፈራ ይፍራ።»

ዊኒም አንገቷን አስግጋ አነበበችው።

ወረቀቱ ከባድ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። በዴኒዝ ክስ የተነሣ ደብዳቤ የምትልከው ጸሐፊ ተገምግማ ከቦታዋ ተነሥታለች፤ ሁለት ልጆች ያላት ሴት ናት። ዴኒዝ ይህን ስትሰማ «ይበላት!» ብላ ነበር፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ።

«ታመሽ ነበር» አለች ዴኒዝ በፍጥነት። ወረቀቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። «ያኔ ብረቱ ጭንቅላትሽ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እማ። ምን እንደሠራሽ አታውቂም። አታስታውሺውም። አይደል?»

ለቤሪል የማምለጫ በር ተከፍቶላታል። አላስታውስም ብትል ማንም አይፈርድባትም። እናትም ልጅም ንጹሕ፤ የጸሐፊዋም ነገር ተዳፍኖ ይቀራል። ግን የማታስታውስ ሴት ቤት ሜዶ ኮርት ነው፤ ነገ ደግሞ ሰኞ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ብታስታውስ አምስት ዓመት ሙሉ የተሳለቀችባት ሴት ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ቤሪል የገዛ እጅ ጽሑፏን አየችው። ያ ዝቃጭ ያቅለሸለሻትን ያህል፣ ከዚያም በላይ አቅለሸለሻት። ያኛውን እንኳ ሐኪም በማንኪያ ዛቀላት።

«አስታውሰዋለሁ» አለች።

«እማ፣ አታስታውሺውም!»

«ሐሙስ ነበር። ይዘንብ ነበር፤ ፖስተኛው ስላረሰረሰው ወረቀቱን ማሞቂያው ላይ አደረቅኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሰዓት ዊኒ ልትመጣ ነበር፤ ምድጃው መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ታየዋለች፤ ካየችው ደግሞ ክበቡ ሁሉ ይሰማል። የሚያብረቀርቀው ዳሌዬ ተበላሸ ተብሎ ሊሳቅብኝ። ስለዚህ ከሹካዎቹ ሥር ከተትኩት። ምላሴ ብረት ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ በገና ነው፤ ያኔ ጭንቅላቴ ምንም አልሆነም ነበር። ብረቱ አይደለም የደበቀው፤ እኔ ነኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ማንም አልተረተባትም። ዊኒ እንኳ።

«ሰው አሰደብሽኝ» አለች ዴኒዝ። «ያላጠፋች ሴት ከሥራዋ አስነሣሽኝ።»

«አዎ። ነገ ለሐኪም ቤቱ የምጽፈው እኔ ነኝ። ለሴትየዋም። በራሴ እጅ።»

ዴኒዝ አለቀሰች፤ ከንዴት ነው፣ ከሐዘን ነው፣ ለሷም አልለየላትም። አፍንጫዋን ጠረገችና እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ሐሙስ ነበር?»

«ሐሙስ። ፖስተኛው ጉንፋን ይዞት ነበር።»

ዴኒዝ ተነሥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። በሩ ላይ ተለጥፎ የቆየውን የሜዶ ኮርት ካርድ ነቀለችና የድንች ልጣጭ ያለበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ መረቁን አቀረበች፤ ሹካና ማንኪያውንም ደረደረች። እያንዳንዱ ፊት ያሳያል።

ቤሪል ሹካዋ ላይ ያለውን የራሷን ፊት አየችና ከሳህኑ አራቀችው።

«ይሄን አንሺልኝ። አልችልም።»

ዊኒ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። መሀረብ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ መነጽር ካወጣች በኋላ ከታች አንድ ነጭ የፕላስቲክ ሹካ አገኘች። አንድ ቀን ክበቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ልትሰጣት አምስት ዓመት ይዛው የዞረችው ነው። ምንም አልቀለደችም። በፎጣዋ ጠርጋ ከሳህኑ ጎን አስቀመጠችላት።

ቤሪል ከፑዲንጉ በፕላስቲኩ ሹካ ቆረሰችና መረቁን አስነካችው። አፏ ውስጥ አቆየችው፤ አዟዟረችው። ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው ያይዋታል። ዋጠችው።

«ዴኒዝ» አለች። «ጨው አብዝተሻል።»